ሰው ሲታሰር፦ በአገር ቤትና በውጭ አገር ደረጃ በደረጃ ምን ይደረግ?

ሰው በተያዘ ቀን ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ግማሹ «ፖሊስ ቤት የምታውቁት ሰው አለ?» እያለ ይደውላል፣ ግማሹ ምሳ ዕቃ ይዞ ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል። የተያዘበትን ሰዓት የጻፈ፣ የመርማሪውን ስም የያዘ፣ የትኛው ችሎት እንደሚቀርብ ያጣራ አይገኝም። በሦስተኛው ቀን የሚቀጠረው ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው «በስንት ሰዓት ተያዘ?» ብሎ ነው። «መሸት ሲል» የሚለው መልስ ለአቤቱታ አይሆንም።

የአገር ቤቱ ክፍል የተመሠረተው በ1987ቱ ሕገ መንግሥትና በ1954 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ላይ ነው። ሕግ ይሻሻላልና የአንቀጽ ቁጥር አቤቱታ ላይ ከማስፈራችሁ በፊት ከጠበቃ ጋር አመሳክሩ።

መጀመሪያ ይህን ለዩ፦ የየትኛው አገር ሕግ?

የሚሠራው የተያዛችሁበት አገር ሕግ ነው። ፓስፖርታችሁ ቆንስላ ያመጣላችሁ ይሆናል እንጂ የአገራችሁን ሕግ ይዞላችሁ አይሄድም። ሁለት ሁኔታዎች ላይ ግን ሰው ደጋግሞ ይሳሳታል።

አንደኛው «አገሬ ከገባሁ አለቀ» ማለት ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 21 ኢትዮጵያዊ ለሌላ አገር ተላልፎ አይሰጥም፤ ግን እዚያው አንቀጽ ላይ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት እንደሚዳኝ ተጽፏል። በውጭ የተፈጸመው ድርጊት በሁለቱም አገር ወንጀል ከሆነና ክብደት ካለው፣ አዲስ አበባ ላይ ክስ ሊከፈት ይችላል።

ሁለተኛው የትውልደ ኢትዮጵያውያን ጉዳይ ነው። በአዋጅ 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ይቀራል፤ ቢጫ ካርድም (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ዜግነት አይመልስም። ስለዚህ የአሜሪካ ወይም የስዊድን ፓስፖርት ያለው ሰው አዲስ አበባ ላይ ቢያዝ የሚጠይቀው የራሱን ኤምባሲ ነው። በድሮ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የገባ ሰው ግን ራሱን ችግር ውስጥ ይከታል፦ ፖሊስ እንደ ኢትዮጵያዊ ይመዘግበዋል፣ ቆንስላውም ለመግባት ይቸገራል። በገባችሁበት ፓስፖርት ነው የምትታወቁት።

## ክፍል አንድ፦ አገር ቤት

ደረጃ 1። በተያዛችሁባት ደቂቃ

1. አትታገሉ፣ አትሩጡ። በዋናው ጉዳይ ነፃ ብትወጡ እንኳ ፖሊስን መታገል ለብቻው ክስ ይሆናል።
2. «ከየት ጣቢያ ናችሁ? በምን ተጠርጥሬ ነው? መያዣ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የያዛችሁ መኮንን ማንነታችሁን አረጋግጦ መያዣውን ሊያነብላችሁ፣ ከጠየቃችሁም ሊያሳያችሁ ይገባል። ስሙ የእናንተ መሆኑን፣ የፍርድ ቤት ማኅተምና ቀን መኖሩን እዩ።
3. መያዣ የለም ማለት ሁልጊዜ ሕገ ወጥ ነው ማለት አይደለም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ፣ ወይም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያሳስር ወንጀል በበቂ ምክንያት የተጠረጠረ ሰው ያለ መያዣ ሊያዝ ይችላል። እዚያ ቆማችሁ ስለዚህ አትከራከሩ፤ ለዳኛው አቆዩት።
4. ሰዓት እዩ። አጠገባችሁ ላለ ለማንም ሰው፣ ለሱቅ ሻጭም ቢሆን፣ ስማችሁንና የአንድ ዘመድ ስልክ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።
5. ቤት ከተፈተሸ የተወሰደው ዕቃ በዝርዝር ይጻፍ። «አንድ ሞባይል» ብቻ አይበቃም፤ ሞዴሉ፣ ቀለሙ፣ መስታወቱ ከተሰነጠቀም ስንጥቁ ይጠቀስ። በኤግዚቢት የተያዘ ስልክ ሲመለስ ጭቅጭቅ የሚነሣው በዚህ ነው።

ደረጃ 2። ቃል ስትጠየቁ

ዝም የማለት መብት አላችሁ (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19/2)። ይህን ያለ ቁጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱት፦ «ስሜንና አድራሻዬን እሰጣለሁ፤ ሌላውን ጠበቃዬ ባለበት እመልሳለሁ።» ከዚያ በኋላ «እንዲያው ለጨዋታ» የሚነገር ወሬ የለም። መኪና ውስጥ የምታወሩትም ቃል ነው።

ቃል ከሰጣችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ። ቋንቋው የማይገባችሁ ከሆነ አስተርጓሚ ጠይቁ። በመጨረሻው መስመርና በፊርማችሁ መካከል ባዶ ቦታ ካለ አግድም መስመር ጎትቱበት። ያላላችሁት ነገር ከተጻፈ «ይህን አላልሁም» ብላችሁ እዚያው በጽሑፍ አስፍሩ። እምቢ ካሏችሁ ፊርማውን ተዉት።

ማስጠንቀቂያ። ለቀጠሮ ሳይሆን ለብቻው ዳኛ ፊት ወስደው «ቃልህን ለፍርድ ቤት ተናገር» ካሏችሁ ነቃ በሉ። ይህ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 መሠረት የእምነት ቃል የሚመዘገብበት ነው፣ ክብደቱም ከጣቢያው ቃል ይበልጣል። ዳኛው በፈቃዳችሁ መሆኑን ይጠይቃል፤ ተገድዳችሁ ከሆነ የምትናገሩት ያን ጊዜ ነው። ከተደበደባችሁ ምልክቱን አሳዩ፣ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርና የሐኪም ምርመራ እንዲታዘዝ ጠይቁ። በኋላ፣ ቁስሉ ከዳነ ወዲያ የሚቀርብ አቤቱታ ዋጋው ይቀንሳል።

ደረጃ 3። ቤተሰብ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ መድቡ። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ መምሰል አለበት፦

«ማክሰኞ ጥቅምት 4፣ ከምሽቱ 2፡20፣ ከቤቱ በር ላይ። ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ፣ አንድ ሲቪል። ነጭ ፒክአፕ፣ ሰሌዳ ቁጥር … መያዣ አላሳዩም። የጎረቤት ዘበኛ አይቷል። 3፡10 ጣቢያ ደረስን። ተረኛው መዝግቦታል፣ የመዝገብ ቁጥር … መርማሪ ነገ ይመደባል ተባለ።»

ወደ ጣቢያ ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ይናገር፣ አንዱ ይጻፍ። የምትጠይቁት አራት ነገር ነው፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የመርማሪ ስምና ስልክ፣ የተጠረጠረበት ወንጀል፣ የሚቀርብበት ችሎትና ሰዓት። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ማዘዣውን ከነኮፒው አቅርቡ፤ ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ይህ ከምግብ ይቀድማል። ከትዳር ጓደኛ፣ ከዘመድ፣ ከሃይማኖት አባት፣ ከሐኪምና ከጠበቃ ጋር የመገናኘት መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ተጽፏል።

*«እዚህ የለም» ቢሉስ?* የእስረኛ መዝገቡን እንዲያዩላችሁ ጠይቁ፣ የመለሰላችሁን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፉ። ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማው ፖሊስ መምሪያ፣ ከዚያ ወደ ፌደራል ፖሊስ ሂዱ። በዚያው ቀን ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጽሑፍ አመልክቱ። «የለም» የተባላችሁበት ቀንና ሰዓት በደረጃ 6 ዋና ማስረጃችሁ ይሆናል።

ደረጃ 4። 48 ሰዓቱና ጊዜ ቀጠሮ

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከተያዘበት እንጂ ከተመዘገበበት አይደለም። ከቆጠራው የሚወጣው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚፈጀው ተገቢ የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። እሑድና በዓል ይቀነሳል የሚል ቃል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19/3 ላይ የለም። ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡20 የተያዘ ሰው ጊዜው ሐሙስ ከምሽቱ 2፡20 ያልቃል፤ ማታ ችሎት ስለሌለ በተግባር ሐሙስ በሥራ ሰዓት መቅረብ አለበት። ዓርብ ማታ ለተያዘ ተረኛ ችሎት መኖሩን በዚያው ሌሊት አጣሩ።

አዲስ አበባ ላይ ብዙ የጊዜ ቀጠሮ (ለምርመራ ተጨማሪ ቀን የሚጠየቅበት) መዝገብ የሚታየው በፌደራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ነው፤ ግን ችሎቱን ከመርማሪው አረጋግጡ። ከጠዋቱ 2፡30 ላይ እዚያ ሁኑ፤ ተጠርጣሪው ገብቶ እስኪወጣ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ አይሞላም።

እዚያ የሚሆነው ይኸው ነው። መርማሪው «ምርመራዬን አልጨረስሁም» ብሎ በቁጥር 59 ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይሰጥም። ችግሩ «ስንት ጊዜ?» የሚለው ላይ ጣሪያ አለመቀመጡ ነው፤ ሰው በጊዜ ቀጠሮ ወራት የሚቆየው በዚህች ቀዳዳ ነው። መከላከያው ጥያቄ ነው፦

- የቀረው ሥራ ምንድን ነው? ስንት ምስክር፣ ከየት መሥሪያ ቤት የሚመጣ ምን ሰነድ?
- ይህ ሥራ ተጠርጣሪው ውጭ ሆኖ ለምን አይሠራም?
- ባለፈው የተሰጠው ቀን ምን ተሠራበት? የምርመራ መዝገቡ ለፍርድ ቤቱ ይቅረብ።

ሦስተኛዋን በሁለተኛው ቀጠሮ አትርሱ። «ምስክር መቀበል ይቀረናል» የሚለውን ቃል በየቀጠሮው ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ። ያው ምክንያት ሦስት ጊዜ ሲደገም ለዳኛው አንብቡለት።

ደረጃ 5። ዋስትና

ሁሉም ዋስትና ከፍርድ ቤት አይመጣም። ወንጀሉ ጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ ወይም መፈጸሙ ካጠራጠረ፣ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል (ቁጥር 28)። ይህን በመጀመሪያው ምሽት ጠይቁ፤ ያልተጠየቀ መርማሪ አይሰጥም።

ከፍርድ ቤት የሚጠየቀው እንዲህ ነው።

1. ማመልከቻው በጽሑፍ፣ በአመልካቹ ተፈርሞ ይቅረብ። ፍርድ ቤቱ በ48 ሰዓት ውስጥ መወሰን አለበት።
2. ወንጀሉ ሞት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን፣ የተጎዳውም ሰው ሊሞት የሚችል ከሆነ፣ ቁጥር 63 ይከለክላል። የሕጉ አነጋገር ስለሚያከራክር ክርክሩን ለጠበቃ ተዉት። ግን አንድ ነገር እናንተ ማድረግ ትችላላችሁ፦ በመኪና አደጋ ወይም በድብድብ ጉዳይ ተጎጂው ሆስፒታል ከተኛ፣ ሕይወቱ ከአደጋ ውጭ መሆኑን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ እንዲመጣ በየቀኑ ተከታተሉ። ብዙ ሾፌር የሚቆየው ያ ወረቀት መርማሪው ጋ ስላልደረሰ ነው።
3. በቁጥር 67 የሚያስከለክሉት ሦስት ናቸው፦ ግዴታውን አያከብርም፣ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል፣ ምስክር ያባብላል ወይም ማስረጃ ያጠፋል። ለእያንዳንዱ ወረቀት አዘጋጁ። የመኖሪያና የሥራ ማስረጃ፣ የልጆች ልደት ሰርተፍኬት፣ አስፈላጊ ከሆነ ፓስፖርት ለማስረከብ ፈቃደኛነት።
4. ዋስ ለመሆን የሚመጣው ሰው ከጠዋት ጀምሮ ግቢው ውስጥ ይሁን። ለደመወዝ ዋስ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው የደመወዙን መጠን፣ ለማን ዋስ እንደሚሆንና ለማን እንደሚጻፍ የማይጠቅስ ከሆነ ይመለሳል። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ ደረሰኙን አታጥፉ፤ ጉዳዩ ሲዘጋ ገንዘቡ የሚመለሰው በእርሱ ነው።
5. የመፍቻ ትዕዛዙን ራሳችሁ ተከታተሉ፣ ኮፒ አስቀሩ፣ ጣቢያ ያደረሳችሁበትን ሰዓትና የተቀበለውን ሰው ጻፉ።

*ዋስትና ቢከለከል* በ20 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይግባኝ ይባላል (ቁጥር 75)። የውሳኔውን ግልባጭ በዚያው ቀን ጠይቁ፤ ቀኑ የሚባክነው ግልባጭ በመጠበቅ ነው።

*ተፈቅዶ ካልተለቀቀ* መጀመሪያ ፖሊስ ይግባኝ ብሎ እግድ አውጥቶ እንደሆነ አጣሩ። እግድ ከሌለ ወደዚያው ችሎት ተመለሱና የጣቢያው ኃላፊ ቀርቦ ያልፈታበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ይታዘዝ በሉ።

ደረጃ 6። አካልን ነፃ ማውጣት

48 ሰዓት አልፎ ያልቀረበ፣ ወይም ያለበት የተደበቀ ሰው ካለ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19/4 እና በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 ማመልከት ይቻላል። ታሳሪው ራሱ መፈረም ስለማይችል ዘመድ በስሙ ያመለክታል፤ ቃለ መሐላ አብሮ ይያያዛል። የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚቀበለው ሬጅስትራሩን ጠይቁ፣ ፌደራልና ክልል ላይ ይለያያል። ጽሑፉ አጭር ይሁን፦

«ተጠሪ ወንድሜን ጥቅምት 4 ከምሽቱ 2፡20 ይዞታል። እስከ ዛሬ ጥቅምት 7 ከጠዋቱ 3፡00 ድረስ ፍርድ ቤት አላቀረበውም። ተጠሪ ታሳሪውን ይዞ ቀርቦ የያዘበትን ሕጋዊ ምክንያት እንዲያስረዳ፣ ከሌለውም እንዲለቀው ይታዘዝልኝ።»

ስለ ታሳሪው ጥሩ ጠባይ ገጽ ሙሉ አትጻፉ፤ ዳኛው የሚያየው ሰዓቱን ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ ጊዜ ቀጠሮ የተሰጠበት ሰው ግን በዚህ መንገድ አይወጣም። ለእርሱ ያለው ዋስትናና ይግባኝ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅትም የ48 ሰዓቱ ደንብ ሊታገድ ስለሚችል አዋጁን አስቀድማችሁ አንብቡ።

## ክፍል ሁለት፦ ውጭ አገር

ደረጃ 1። ቆንስላ ይጠራ ወይስ አይጠራ?

በ1963 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36፣ የተያዘ የውጭ ዜጋ ከጠየቀ ለአገሩ ቆንስላ ሳይዘገይ እንዲነገርለት ይደነግጋል። ቁልፉ «ከጠየቀ» የሚለው ቃል ነው። በአሜሪካ የአንዳንድ አገር ዜጎች ሲያዙ ፖሊስ ሳይጠየቅ ለቆንስላቸው ያሳውቃል፤ ኢትዮጵያ ከእነዚያ ውስጥ ስለሌለች አፋችሁን ከፍታችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ማስጠንቀቂያ። ጥገኝነት የጠየቀ ወይም ሊጠይቅ ያሰበ ሰው ቆንስላ እንዳይጠራበት መናገር ይችላል። ጠበቃውን ሳያማክር ቆንስላ ማነጋገር ማመልከቻውን ሊጎዳ ይችላል። ቤተሰብም አዝኖ ኤምባሲ ከመደወሉ በፊት ይህን ይጠይቅ።

ቆንስላ ሊጎበኝ፣ የጠበቆች ዝርዝር ሊሰጥ፣ ለቤተሰብ ሊያሳውቅ፣ የጉዞ ሰነድ ሊያወጣ ይችላል። ሊያስፈታ፣ ዳኛ ሊያዝ፣ ጠበቃ ሆኖ ሊከራከር አይችልም።

ደረጃ 2። ቋንቋ

ባሕረ ሰላጤው ላይ ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከወረቀት ነው፤ በዐረብኛ ተጽፎ «ፈርሚና ትሄጃለሽ» ተብሎ የሚቀርብ። አንዳንዱ የመፈታት ወረቀት ሳይሆን የእምነት ቃል፣ ወይም «ደመወዜን ጨርሼ ተቀብያለሁ» የሚል ነው። ሦስት ነገር በቃል ይያዝ፦ «አብጋ ሙተርጂም» (አስተርጓሚ እፈልጋለሁ)፣ «አብጋ ሰፋራ» (ኤምባሲ እፈልጋለሁ)፣ «ላ ኡወቂዕ» (አልፈርምም)። ወደዚያ ለምትሄድ ልጅ ከሻንጣው በፊት ይህን አስጠኗት። የኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ)፣ የፓስፖርቷና የውሏ ፎቶ አገር ቤት ባለ ሰው ስልክ ላይ ይቀመጥ፤ ስትያዝ ስልኳ ይወሰዳል።

ደረጃ 3። ሳዑዲ ላይ

ጉዳዩ የቱ እንደሆነ ለዩ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ነው ወይስ ወንጀል?

አሠሪው «ጠፍታለች» ብሎ ካስመዘገበ (ሁሩብ የሚባለው) ኢቃማው ዋጋ ያጣል፣ ፍተሻ ላይ ትያዛለች፣ መጨረሻው ወደ አገር መመለስ ነው። ደመወዝ ተከልክላ ከቤት የምትወጣ ሠራተኛ አስቀድማ ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወይም ለኤምባሲ ታመልክት፤ የአቤቱታው ቀን ከሁሩቡ ቀን መቅደሙ ብዙ ይለውጣል።

የወንጀል ከሆነ፣ ፖሊስ ከ24 ሰዓት በላይ ራሱ ማቆየት አይፈቀድለትም፤ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል፣ እርሱም እያራዘመ ወራት ሊያቆይ ይችላል። የሰው ሕይወት ወይም አካል ጉዳት ካለበት የተጎጂ ቤተሰብ መብት (ሐቅ ኻስ) እና የመንግሥት መብት (ሐቅ ዓም) ለየብቻ ናቸው። ቤተሰብ ይቅር ቢል ወይም ካሳ ቢቀበል የመጀመሪያው ይዘጋል፣ ሁለተኛው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ከመዋጣቱ በፊት የመዝገቡን ቁጥርና የፍርዱን ደረጃ በኤምባሲ በኩል አረጋግጡ። «ሰጥቼ አስፈታለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ የመዝገብ ቁጥር ጠይቁት።

በሕጋዊ ኤጀንሲ የሄደች ከሆነ ኤጀንሲው ኃላፊነት አለበት። ውሉን ይዛችሁ ኤጀንሲው ዘንድ፣ ከዚያ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር፣ ለወንጀል ጉዳይ ደግሞ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጽሑፍ አመልክቱ።

ደረጃ 4። አሜሪካ ላይ

በወንጀል ጉዳይ አቅም ለሌለው መንግሥት ጠበቃ ያቆምለታል፤ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ግን ነፃ ጠበቃ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ሁለቱን አታምታቱ። ለመንግሥት ጠበቃው መጀመሪያ የምትነግሩት «ዜጋ አይደለሁም» የሚለውን ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደወሰነው ጠበቃው ጥፋተኝነት ማመን መባረር ያመጣ እንደሆነ ሊያስረዳችሁ ይገባል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በትንሽ ስርቆት «ጥፋተኛ ነኝ፣ ቅጣት ከፍዬ ልሂድ» ብሎ ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የሚገኘው ይህን ሳይጠይቅ ሲቀር ነው።

የኢሚግሬሽን ፖሊስ በር ቢያንኳኳ ሳትከፍቱ ወረቀቱን በበሩ ሥር እንዲያሳልፍ ጠይቁ፤ የዳኛ ፊርማ አለው ወይስ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ነው የፈረመው? ይህን ለጠበቃችሁ ንገሩ።

የተያዘን ሰው በኢሚግሬሽኑ የኢንተርኔት መፈለጊያ ስትፈልጉ «ኤ ነምበር» (የኢሚግሬሽን መዝገብ መለያ ቁጥሩ) ካላችሁ ይቀልላል። በስም ከሆነ የኛ ስም ያስቸግራል፦ አንዱ ጋ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ገብቷል፣ ሌላው ጋ የአባት፤ አንዳንዱ ቪዛ ላይ ደግሞ የመጀመሪያ ስም በሚገባበት «ኤፍ ኤን ዩ» (የመጀመሪያ ስም አይታወቅም ማለት ነው) ተጽፎ ሙሉ ስሙ ወደ ቤተሰብ ስም ተገፍቷል። ፊደሉን ከቪዛው ላይ እንዳለ ቅዱ፣ በልማድ አትጻፉ። ካልወጣ አቀያይሩት፤ አዲስ የተያዘ ሰው ስሙ እስኪገባ ሰዓታት ይፈጃል። ዳኛ የሚፈቅደው የኢሚግሬሽን ዋስትና ከ1,500 ዶላር አያንስም።

ደረጃ 5። ሌሎች አገሮች

እንግሊዝ ውስጥ ፖሊስ ያለ ክስ የሚያቆየው በመደበኛው 24 ሰዓት ነው፤ ጣቢያ ላይ ያለው ጠበቃ ለሁሉም ነፃ ነው፣ «ጥፋት ስለሌለብኝ አያስፈልገኝም» አትበሉ። ጀርመን ላይ የተያዘ ሰው በማግሥቱ ቀን ሳያልቅ ዳኛ ፊት ይቀርባል። እስራኤል ላይ ለአዋቂ መደበኛው ጊዜ 24 ሰዓት ነው፤ አቅም ለሌለው ሳኔጎርያ ጽቡሪት (የመንግሥት ተከላካይ ጠበቆች ቢሮ) ጠበቃ ይመድባል፤ ፖሊስ እስኪነግራችሁ ሳትጠብቁ በስሙ ጠይቁት።

ደረጃ 6። ለመመለስ

ፓስፖርት የሌለው ሰው በሌሴ ፓሴ (ኤምባሲ በሚሰጠው የጉዞ ሰነድ) ነው የሚመለሰው። ኤምባሲው ኢትዮጵያዊነቱን ማረጋገጥ ስላለበት፣ ማረፊያ ቤት ውስጥ ሳምንታት የሚጠፋው ማስረጃ እስኪደርስ ነው። አገር ቤት ያላችሁ የቀበሌ መታወቂያውን ወይም የፋይዳ ቁጥሩን፣ የልደት ሰርተፍኬቱን፣ የድሮ ፓስፖርቱን ኮፒና ሁለት የቤተሰብ ስልክ በአንድ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ። ፎቶው አራቱም ማዕዘን የሚታይ፣ ጽሑፉ የሚነበብ ይሁን። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ምስል ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት።